የድምፄ ዱካ

ድምፄን ሰረቁኝ። ኦርጋን ጨመሩበት፣ የሰው ሠርግ ላይ አስጨፈሩበት፣ ከሥሩም «ድምፃዊ፦ ያልታወቀ» ብለው ጻፉ። በደሉ ይኸው ነው። ያልተደረገብኝን አልጨምርም፤ የተደረገው ይበቃኛል።

ያወቅሁት ጥር ላይ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ። ቆቦ ማሽላ አስፈጭቼ፣ የዱቄቱን ማዳበሪያ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስመለስ ሹፌሩ ሙዚቃ ለቀቀ። መጀመሪያ ኦርጋን ጢው ጢው አለ። ቀጥሎ አንድ ነገር «ጧ!» አለ፤ ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ማዳበሪያዬን አቀፍኩ። ከዚያ አንድ ሰው መዝፈን ጀመረ።

ማሽላዬ አፈራ፣ አንገቱን ደፋ፣
ወፉ ሁሉ መጣ፣ ሰው ግን ጠፋ።

ግጥሙ የኔ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ማር የሚልስ ጎረምሳ ድምፅ ነው። ማነው ይሄ ሌባ እያልኩ ሳለ ዘፋኙ መሐል ላይ ዘፈኑን አቋረጠና «ያቺን አህያ! ያቺን አህያ አውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩም መሪውን ለቀቀ፣ በሁለት እጁ አጨበጨበና «ያቺን አህያ!» ብሎ ተቀበለ።

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። አህያዋን ያየኋት እኔ ነኝ።

ነገሩን ላስረዳ። በእኛ በራያ ቆላ ኅዳር ላይ ማሽላው ሲበስል ወፍ እንደ ደመና ይመጣል። ማሽላ ያለው ሰው እርሻው መሐል እንጨት ተክሎ ማማ ይሠራል፤ እዚያ ላይ ወጥቶ ጅራፍ እያጮኸ፣ በወንጭፍ እየወረወረ፣ እየጮኸ ይውላል። እኔ ዝም ብዬ ከምጮህ እዘፍናለሁ። ወፎቹ ዘፈኔን አይወዱትም፤ የምዘፍነውም ለዚህ ነው። «ጧ!» ያለው ጅራፌ ነው። አህያዋም ያንኑ ስዘፍን ከማሽላዬ ገብታ ራስ ራሱን ስትቀነጥብ ያየኋት የጎረቤት አህያ ናት። ይህን ሁሉ አገር ጨፈረበት።

«ይሄን ዘፈን ከየት አመጣኸው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ፋዘር፣ ይሄን ያላወቀ ራያ ነኝ አይበል። ዘንድሮ ያለ እሱ ሠርግ የለም።»

«ዘፋኙ ማነው?»

ስልኩን ወደኋላ ዘረጋልኝ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ የማይገባበት የልጅ ዴስክ ላይ ተጎልቼ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማነብ። «ድም... ፃ... ዊ» አልኩ። ሹፌሩ «ይፍጠኑ እንጂ ፋዘር፣ መንገዱን አላየሁም» አለኝ። «ያል... ታ... ወቀ።»

ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ማንም አያውቀውም የሚል ሆነ። መምህራችን ፊደሉን ሲያስቆጥሩን ማንበብ ዓይን ይገልጣል ብለውን ነበር። ተገለጠልኝ።

እኔ እንኳ ዝም ብዬ የምታለፍ ሰው አልነበርኩም። ከሮቢት እስከ ጎብዬ ሠርግ ሲኖር ጭፈራውን የማወጣው እኔ ነኝ። ያለ እኔ ሠርግ አይሞቅም ይባል ነበር፤ ቢያንስ እኔ እል ነበር። ዘንድሮ ግን ማንም አልጠራኝም። ሮቢት አንድ የሩቅ ዘመድ ሲያገባ በዝምድና ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ቆሟል፣ ዘፈኔ ይጮሃል፤ ጎረምሶቹ «ያቺን አህያ» ሲባል አንገታቸውን እንደ አህያ ወደፊት ቀስረው ይዘላሉ። ሙሽራው ሳይቀር። አላስቻለኝም፣ መሐል ገብቼ ዘፈኔን ራሴ አወጣሁ። አንዲት የሙሽራዋ ሚዜ ክንዴን ይዛ በትህትና ወደ ዳር ወሰደችኝና፣

«አባባ፣ ደህና አስመስለውታል፤ ግን ኦሪጅናሉን እንስማበት» አለችኝ።

ምግቡን ሳልቀምስ ወጣሁ። ይሄ ውሸት ነው፤ ቀምሻለሁ። ግን አልጣመኝም።

ባለ ኦርጋኑን አጠያይቄ ጎብዬ አገኘሁት። ስቱዲዮ የሚለው አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፎባታል። እንቁላሉ የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው ድምፅ እንዳይወጣ ነው አለኝ። የኔ ድምፅ ግን ወጥቶ አገር አዳርሷል።

«ሌባ!» አልኩት፣ ሰላምታው እንዳለቀ።

«ጋሼ፣ አልሰረቅሁም። እንደውም ሠራሁት።»

«ምኑን ነው የሠራኸው?»

«ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር፤ በኮምፒውተር አቃናሁት። ከዚያ ብቻውን እንዳይሆን አባዛሁት። አሁን አምስት ነዎት።»

«አምስት ሆነን አንዳችንም አልታወቅንም?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የቪዲዮውን ፊት አሳየኝ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጥርሱ የሚያበራ ጎረምሳ ማሽላ መሐል ቆሟል።

«ይሄስ ማነው?»

«ማንም አይደለም። ማሽን የሣለው ነው። ‹የራያ ዘፋኝ ሣል› አልኩት፣ ሣለ።»

ጣቱን ቆጠርኩ። ከማንበብ በፊት መቁጠር አውቅ ነበር። ስድስት ነው።

«በስድስት ጣት ጅራፍ ይጮሃል?» አልኩት። «ይሄን ከሠራ ማሽን ጋር ነው ድምፄን ያሳደርከው?»

ስሜን እንዲጽፍ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ዘፈኑ የእርስዎ መሆኑን በምን አውቃለሁ አለ። ዝፈኑልኝ ብሎ ማይክ ሰጠኝ። ከእንቁላል ካርቶኑ ፊት ቆሜ ዘፈንኩ፤ ወፍ ስለሌለ ትንሽ ቸገረኝ እንጂ አሳምሬ ነው የዘፈንኩት። ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ የዛሬውንና የዱሮውን እያፈራረቀ ሰማ። ከዚያ አውልቆ እንደ ሐኪም አየኝና፣

«አይመሳሰልም ጋሼ» አለኝ።

በራሴ ድምፅ ፈተና ወደቅኩ።

ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሽማግሌ ሄድኩ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሐጂ፣ አንዱ ቄስ። ነገር ሲኖር ግራሩ ሥር አብረው ይቀመጣሉ፤ በእኛ አገር ሁለቱም ያልሰሙት ነገር ነገር አይደለም። ጊዜው የካቲት ነው። ዘንድሮ ረመዳኑና ዐቢይ ጾሙ አንድ ላይ ስለገቡ ሁለቱም ዳኞች ጾመኛ ናቸው። በራያ ፀሐይ ሁለት የራበው ዳኛ ፊት ከመቆም ይሰውራችሁ።

«ድምፄን ሰረቁኝ» አልኩ።

ሐጂው ቀና አሉ። «አሁን በምንህ ነው የምታወራው?»

«በድምፄ።»

«ታዲያ አለ እኮ።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተሰረቀ በሬ ባለቤቱ ቤት አይገኝም» አሉ። «ያንተ ግን አብሮህ መጥቷል።»

ባለ ኦርጋኑም ተጠርቶ መጥቶ ነበርና ወዲያው ተቀበለ፦ «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ እኔ ኮፒውን ነው የወሰድኩት።» ኮፒ ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሩብ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ሐጂው፣ ላም ጥጃዋን ብትሰረቅ ላሚቱ ቤቷ ስላለች ስርቆት አልተፈጸመም አይባልም አሉ። ቄሱም ተስማሙ። ድምፄ ጥጃ ሆነ። ከብት ከሆነ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ዱካ እንከተላለን።

የዱካ ሕግ ቀላል ነው። ከብት ሲሰረቅ ባለቤቱ ከሽማግሌ ጋር ሆኖ ኮቴውን ይከተላል። ዱካው የገባበት ሰፈር ሰው ወይ «በዚህ በኩል ወጥቷል» ብሎ መውጫውን ያሳያል፤ ወይ ይከፍላል። አላውቅም፣ አላየሁም ብሎ ነገር የለም። ዱካው ገብቶ ያልወጣበት ግቢ የሌባው ግቢ ነው። ይሄ ሕግ ለበሬ፣ ለግመል፣ ለፍየል ሠርቷል። ለዘፈን ሲሠራ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

ፍርዱን ስሰማ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሌባው ሲያዝ ምን እንደምለው በልቤ አዘጋጀሁ። ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር፤ አንዱም አልባከነም ብዬ ልዋሽ አልችልም።

«ዱካው አንተ ጋ ገብቷል» አሉት ሐጂው ባለ ኦርጋኑን። «መውጫውን አሳይ።»

ስልኩን አወጣና አሳየ። ዘፈኑን የላከለት ሮቢት ያለ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ውስጥ በሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫነ የሚኖር። ቀኑ ሳይቀር ተጽፏል። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄማ ከኮቴ ይሻላል» አሉ። «ዝናብ አያጠፋውም።»

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን ሮቢት ሄድን። ሁለቱ ሽማግሌዎችና እኔ ከኋላ፣ ባለ ኦርጋኑ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቆ። ሹፌሩ ያው የመጀመሪያው ነው፤ አላህ እኔን ሊፈትን ሲፈልግ ሌላ ሹፌር አይልክም። ገና ሞተር ሳያስነሳ ዘፈኔን ለቀቀው።

«ዝጋው!» አሉ ሐጂው። «ጾም ላይ ነኝ።»

«ይቅርታ አባ።» እጁን ሰደደ።

«ቆይ። ማስረጃ ነው፣ ይሰማ።»

እንዲህ ሆኖ ማስረጃው እስከ ሮቢት ተሰማ። የቄሱ እግር ከሥር ሲመታ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ፤ ዳኛ ናቸው። «ያቺን አህያ አውጡልኝ» የሚለው ሲደርስ ግን ሐጂው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

«ይሄ ማማ የላይኛው እርሻህ ላይ ያለው ነው?»

«አዎ ሐጂ።»

«አህያዋ ግራጫ ናት?»

«አዎ።»

«አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ?»

ያን ጊዜ ነው የአህያዋ ባለቤት ማን እንደሆነ ያስታወስኩት። ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ሹፌሩ ግን «ያቺን አህያ!» እያለ ነዳው።

ስልክ ጠጋኙ አራት ሰው በሽማግሌ ወግ ሱቁ ደጃፍ ሲቆምበት መጀመሪያ የተሰበረ ስልክ ያመጣን መስሎት «ሁሉም ነገ ይደርሳል» አለ። ነገሩ ሲገባው ደነገጠ። «እኔ ጋ አላደረም» አለ፣ እውነተኛ የከብት ነገር እንደተጠየቀ ሰው። «አንዲት ሴትዮ ስልኳን ልታሠራ አምጥታ ከውስጡ አገኘሁት። ጥሞኝ ገለበጥኩት። ሴትዮዋ እዚሁ ከመናኸሪያው ጀርባ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች።»

ከመናኸሪያው ጀርባ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት አውቃለሁ። የሚስቴ እህት ናት። ሌላም ሴት ትኖራለች አልኩ በልቤ። ሄድን። ሌላ ሴት አልነበረችም።

«እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ» ብላ ተነሳች። ጥያቄውን ሰምታ ሳትጨርስ ሳቀች። «እሱን ዘፈን? እህቴ ናታ የላከችልኝ! ኅዳር ላይ። የሷን ባል ድምፅ አላወቃችሁትም እንዴ?»

«እህትሽ ማን ናት?» አሉ ቄሱ።

በእጇ የያዘችውን ቲማቲም ወደ እኔ ቀሰረች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የምዞርበት አጥቼ ቲማቲሙን አየሁት።

ወደ ቤቴ ስንመለስ ሹፌሩ እንኳ ሙዚቃ አልከፈተም፤ ያዘነልኝ መሰለኝ፣ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ሚስቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ማሽላ በሰፌድ ታበጥር ነበር። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ባለ ኦርጋንና አንድ ባል በአንድ ጊዜ ሲገቡባት ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ዱካ ተከትለን ነው የመጣን» አሏት ሐጂው። «ያንን ዘፈን ማን ቀዳው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳልሰማ?» አልኩ።

«ምሳህን ይዤ መጥቼ፣ ማማው ሥር ቆሜ። ብትሰማኝማ ታቆመው ነበር።»

«ለምን ነው የምትቀጅኝ? ምን በድዬሽ?»

አሁን ሰፌዱን አስቀመጠች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች፤ ሳላውቅ እሷም ከሳሽ ሆናለች። «ቤት ሲገባ ምን እንደሚያወራ ታውቃላችሁ አባቶቼ? ጨው በዛ። ጣራው አፈሰሰ። ቀበሌው በደለኝ። ያኛው ሰደበኝ። ይሄኛው ናቀኝ። ሃያ ዓመት! ለወፍ ግን ይዘፍናል። እኔ ከወፍ አንሼ ነው? አንድ ቀን ልስማው ብዬ ቀዳሁት። ጥሩ ሆኖ ባገኘው ለእህቴ ላክሁላት። ይሄ ነው ጥፋቴ።»

ወፏን የማባርርበት ነው ብዬ ላስረዳ ነበር። ቄሱ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ባለ ኦርጋኑ «እናቴ፣ ቀረጻው እኮ ግሩም ነው፤ በምን ስልክ ነው?» አላት። ሁለቱ ስለ ስልክ ማውራት ጀመሩ፣ በእኔ ግቢ፣ በእኔ ጉዳይ ላይ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጥግ ሄደው ተማከሩና መጡ። ፍርዱን የተናገሩት ሐጂው ናቸው።

«ዱካው ይህን ግቢ ገብቷል። ወጥቷል የሚል አለ?»

እኔ አጥሬን ዞሬ አየሁ፤ የምትወጣ ዱካ የለችም።

«እንግዲያው ግቢው ይከፍላል። ለተበዳዩ ፍየል ይታረዳል፣ ሽማግሌ ባለበት ይበላል፣ ነገሩ ይዘጋል።»

«ተበዳዩ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አዎን።»

«ግቢውም የኔ ነው።»

«አዎን።»

«ለራሴ ፍየል ላርድ?»

«ሁለት ነው እንጂ» አሉ ቄሱ። እውነታቸውን ነው፤ ሐጂው ያረዱትን ቄሱ አይበሉም፣ ቄሱ ያረዱትን ሐጂው አይበሉም። የሁላችን ሽማግሌ ባንድ ስለሚቀመጥ ወሎ ውስጥ የተጣላ ሰው ሁለት ሁለት ነው የሚያርደው። ይሄን ሕግ ሁልጊዜ እወደው ነበር፤ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ፍየል ስለነበር ነው።

ሐጂው ቀጠሉ። አህያቸውን በአገር ፊት አዋርጃታለሁ፤ አሁን ገበያ ይዘዋት ሲወጡ ጎረምሳ ሁሉ «ያቺን አህያ!» ይላታል፤ ሸክሟን ሁለት ጊዜ ጥላለች። ካሣ ይገባታል። ቄሱ ትንሽ አሰቡና የበላችው ማሽላ ለስድቡ ይያዝላት አሉ። እኔም አህያዋም ተስማማን።

ቀጥሎ ባለ ኦርጋኑ። እሱ ሌባ አይደለም ተባለ፤ ሳያውቅ የሌላ ሰው ጥጃ እጁ የገባ ሰው ነው። ጥፋቱ ሌላ ነው፦ የራሱ ባልሆነ ከብት ላይ የውሸት ምልክት አድርጓል። ምልክቱን ያነሳል፣ የባለቤቱን ያደርጋል። ስድስት ጣት ያለውንም ጎረምሳ ያወጣል። ስሜ ይጻፋል ማለት ነው። አሁኑኑ ጻፍ አልኩት።

«አይሆንም» አሉ ሐጂው። «ፍየሉ ሳይበላ ነገር አይዘጋም። ነገር ሳይዘጋ ምልክት አይነሳም።»

«ይታረድ እንግዲህ!»

ሁለቱም አዩኝ። ሁለቱም ጾመኛ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ፍየል በረት ውስጥ እየቀለብኩ ከአንድ ወር በላይ ያልታወቅሁ ሆኜ ቆየሁ። ኢድ ደረሰ፤ ሐጂው ፈቱ፤ ቄሱ ግን ገና ጾም ላይ ናቸው። ሐጂው በየቀኑ በአጥሬ በኩል ሲያልፉ ፍየሏን እያዩ «ኧረ ይሄ ፋሲካ የት ደረሰ?» ይላሉ። እኔም ከቄሱ እኩል ቀን እቆጥር ጀመር። ፋሲካን እንደዚያ ዓመት በጉጉት የጠበቀ ሙስሊም በራያ ምድር አልተፈጠረም። ያሳሰበኝ ደግሞ ምግቡ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሊጀመር ነው፤ ስሜ ሳይጻፍ ሠርጉ ከገባ አሁንም ያ መነጽር ያደረገ ውሸታም ነው የሚጨፈርለት።

ፋሲካው ባለፈ በሳምንቱ ተሰበሰብን። ሐጂው አንዷን አረዱ፣ ቄሱ ሌላዋን። ለተበዳይ የመጀመሪያው ቁራሽ ይሰጣል፤ የሚሰጠው በዳዩ ግቢ ነው። ሚስቴ ሳህኑን ይዛ ፊቴ ቆመችና በጥፋተኛ ወግ ጎንበስ ብላ «ይቅር በለን» አለች። ሳቋን ይዛ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ጎረስኩ። ጨው በዝቶበታል። ልናገር አፌን ከፈትኩና ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዘጋሁት።

ከዚያ ባለ ኦርጋኑ ስልኩን አወጣ። «ስምዎትን ይንገሩኝ፣ ልጻፍ።»

«አምጣው፣ ራሴ እጽፈዋለሁ» አልኩ።

በአንድ ጣት ነው የጻፍኩት። ስልኩ ላይ ያለው ፊደል እንደ ዴስኩ ነው፤ ለትንሽ ሰው የተሠራ። አንዱን ስነካ ጎረቤቱ ይመጣል። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጀመርኩ። ቄሱ «ሥጋው ቀዘቀዘ» አሉ። «የሰው ስም ስንት ፊደል ነው ያለው?» አሉ ሐጂው። ባለ ኦርጋኑ አንገቱን አስግጎ ከኔ ስም ቀጥሎ የሱንም እንድጨምርለት ለመነኝ፤ ኦርጋኑ የሱ ስለሆነ ጻፍኩለት፣ ከኔ በታች። ከሁሉም በታች ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ «ቀረጻ» ብዬ የሚስቴን ስም ጨመርኩ። ምን ጻፍክ ብላ ጠየቀችኝ፤ እሷ አታነብም። ነገርኳት። ስልኩን ወስዳ ያልኳትን መስመር በጣቷ እየነካች አየችው፣ ስትነካው ዘፈኑ ተነሳና «ያቺን አህያ!» ብሎ ጮኸ። አህያዋ ከሐጂው ግቢ መለሰች።

ፎቶዬንም አነሱኝ፣ በአምስት ጣት። ፈገግ በል አሉኝ፣ አልኩ። ባለ ኦርጋኑ አየውና ፈገግ ካላሉ ይሻላል አለኝ።

እጃችንን ሳንታጠብ ከአንድ የማላውቀው ሰው የመጀመሪያው አስተያየት መጣ። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ ጮክ ብዬ፦ «የድሮው ዘፋኝ ይሻል ነበር።» ሐጂው ከሥጋው ቀና ብለው «እሱን ደግሞ ዱካውን እንከተል?» አሉኝ። ሁለት ፍየል ከየት ይመጣል? ተዉት አልኩ፤ ሽማግሌዎቹም መርቀው ተነሱ። ነገሩ የተዘጋው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።